ረቂቅ ሕግ በኦሎምፒያ ኮሚቴዎች እንዴት ያልፋል? ለመከታተልና አስተያየት ለመስጠት የሚያገለግል መመሪያ

ዋና ከተማው ኦሎምፒያ በሆነው በዋሽንግተን ስቴት የቤት ኪራይ ጭማሪን፣ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮችን ክፍያ ወይም የሕፃናት ማቆያ ፈቃድን የሚወስን ረቂቅ ሕግ ዕጣው የሚለየው በአብዛኛው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚነቃው ነገሩ ሙሉ ጉባኤ፣ ማለትም ሁሉም የምክር ቤቱ አባላት ፊት፣ ቀርቦ ዜና ሲሆን ነው፤ ያኔ ግን ለመለወጥ የሚቻለው ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ረቂቅ የሚቀረው የተቃውሞ ድምፅ በዝቶበት አይደለም። የኮሚቴው ሰብሳቢ አጀንዳ ውስጥ ሳይከተው ቀኑ ያልፍበትና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከእርስዎ የሚጠበቀው ሁለት ነገር በጊዜው መጠየቅ ነው፤ መጀመሪያ ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት እንዲቀርብ፣ ቀጥሎ ድምፅ እንዲሰጥበት።

እዚህ የተጻፈው ሁሉ የዋሽንግተን ስቴት ሥርዓት ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሚኒሶታ ያለ አንባቢ አካሄዱን ሊወስድ ይችላል፤ ቀኑንና የምዝገባውን ደንብ ግን ከራሱ ስቴት ምክር ቤት ይጠይቅ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ወኪሎችዎና የቀን መቁጠሪያው

ስቴቱ በ49 የምርጫ ክልሎች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ክልል አንድ ሴናተርና ሁለት የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ይመርጣል፤ ሴኔቱ 49፣ ተወካዮች ምክር ቤቱ 98 መቀመጫ ያለው በዚህ ነው። እርስዎን የሚወክሉ ሦስት ሰዎች አሉ ማለት ነው። ቱክዊላ በአብዛኛው 11ኛው፣ ሲታክ 33ኛው፣ ደቡብ ምሥራቅ ሲያትል 37ኛው ክልል ውስጥ ይገኛሉ፤ ድንበሩ ግን ሰፈር ስለሚከፍል የቤት አድራሻዎን በምክር ቤቱ ድረ ገጽ፣ ሌግ ዶት ደብሊውኤ ዶት ጎቭ፣ አስገብተው ያረጋግጡ። ለኮሚቴ አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን ወይም በመራጭነት መመዝገብ አያስፈልግም።

ጉባኤው በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር ሁለተኛ ሰኞ ይከፈታል። እንደ 2025 እና 2027 ባለ ዓመት 105 ቀን፣ እንደ 2024 እና 2026 ባለ ዓመት 60 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ «ካትኦፍ» የሚባሉ የመጨረሻ ቀናት አሉ። ረቂቁ በዚያ ቀን ያለበትን ኮሚቴ ካላለፈ ለዚያ ዓመት ያበቃለታል ማለት ይቻላል። የ2025ቱ እንዲህ ነበር፦

ጃንዋሪ 13 ጉባኤው ተከፈተ። ፌብሩዋሪ 21 ረቂቁ በቀረበበት ምክር ቤት ጉዳዩን ከሚመረምረው ኮሚቴ መውጫው፣ ፌብሩዋሪ 28 ከበጀት ኮሚቴ መውጫው፣ ማርች 12 በዚያው ምክር ቤት ሙሉ ጉባኤ የሚጸድቅበት የመጨረሻ ቀን ነበር። በሌላው ምክር ቤት ደግሞ ኤፕሪል 2 የመጀመሪያው ኮሚቴ፣ ኤፕሪል 8 የበጀት ኮሚቴ፣ ኤፕሪል 16 የሙሉ ጉባኤ ገደብ ሆነ። ኤፕሪል 27 ጉባኤው ተዘጋ።

የመጀመሪያው ገደብ የመጣው ጉባኤው በተከፈተ በ40ኛው ቀን መሆኑን ልብ ይበሉ። በአጭሩ የ2024 ጉባኤ ይኸው ገደብ ጃንዋሪ 31 ነበር፤ 24ኛው ቀን ላይ። የገና ዛፉ ከቤት ሳይወጣ ሥራው መጀመር አለበት የምንለው ለዚህ ነው። በጀቱን ለማስፈጸም የግድ አስፈላጊ ናቸው የተባሉ ረቂቆች ከእነዚህ ገደቦች ነጻ ይሆናሉ፤ ያንን የሚወስኑት ግን የምክር ቤቱ መሪዎች ስለሆኑ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ አያዋጣም።

1. ቁጥሩን ይያዙ፣ ጽሑፉን ራሱን ያንብቡ

የተወካዮች ምክር ቤት ረቂቆች ከ1000፣ የሴኔቱ ከ5000 ጀምረው ይቆጠራሉ። ኤችቢ የሚል ከተወካዮች ምክር ቤት፣ ኤስቢ የሚል ከሴኔት የመጣ ነው። ከፊት የሚጨመሩት ፊደላት ረቂቁ ያለፈበትን መንገድ ይናገራሉ። «ኤስ» ኮሚቴ ውስጥ በአዲስ ጽሑፍ ተተክቷል ማለት ነው፤ «2ኤስ» ሁለት ጊዜ ተተክቷል፤ «ኢ» ደግሞ ሙሉ ጉባኤው ላይ የተደረገበት ማሻሻያ ጽሑፉ ውስጥ ገብቷል። ለምሳሌ በ2022 የጸደቀው የኡበርና ሊፍት ሾፌሮች ሕግ የመጨረሻ ስሙ ኢኤስኤችቢ 2076 ነው። አንዴ ኮሚቴ ውስጥ ተተክቶ፣ አንዴ ጉባኤ ላይ ተሻሽሎ የወጣ መሆኑን ከስሙ ብቻ ያውቃሉ።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ትክክለኛውን ጽሑፍ ለማንበብ ነው። ከምናያቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚብሰው ሰዎች በጃንዋሪ የተላከላቸውን የመጀመሪያ ረቂቅ ይዘው በማርች መከራከራቸው ነው፤ የሚቃወሙት አንቀጽ ከአንድ ወር በፊት ወጥቶ ሊሆን ይችላል። በረቂቁ ገጽ ላይ ያሉት ሰነዶች በቀን ቅደም ተከተል የተዘረዘሩ ናቸው፤ የመጨረሻውን ይክፈቱ።

ጽሑፉን ሲያነቡ ከሥሩ የተሰመረበት ቃል አዲስ የሚጨመር ነው። በድርብ ቅንፍ ገብቶ በላዩ ላይ የተሰረዘበት ከነባሩ ሕግ የሚወጣ ነው። ምንም ምልክት የሌለበት ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ እሱ ላይ ጊዜዎን አያጥፉ። «አዲስ ክፍል» የሚል ርዕስ ያለው አንቀጽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አዲስ ስለሆነ ላይሰመርበት ይችላል። ጽሑፉ ከከበደዎት የምክር ቤቱ ሠራተኞች የሚያዘጋጁትን ማጠቃለያ ያንብቡ። እነዚህ ሠራተኞች የየትኛውም ፓርቲ አይደሉም፤ ረቂቁ ምን እንደሚል ይነግሩዎታል፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ግን አይሉም። ሂሪንጉ፣ ማለትም የሕዝብ አስተያየት መስሚያው ስብሰባ፣ ካለፈ በኋላ የደጋፊና የተቃዋሚ ክርክር ባጭሩ ይጨመርበታል፤ የራስዎ ነጥብ እዚያ ውስጥ ከገባ ሥራዎ ተሳክቷል።

አንድ ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች በተለያየ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሊቀርብ ይችላል። መንትያ ካለው ሁለቱንም ይከታተሉ። አንደኛው ቢቀር ሌላው ሊያልፍ ይችላል፤ በአንዱ ላይ የተመዘገበ አስተያየት ደግሞ ወደ ሌላው አይተላለፍም።

2. ሰብሳቢውን ሂሪንግ እንዲያዝ ይጠይቁ

ረቂቁ ሲቀርብ ርዕሱ ተነቦ ወደ አንድ ኮሚቴ ይመራል። የኪራይ ጉዳይ ወደ ቤቶች ኮሚቴ፣ የሠራተኛ ክፍያ በተወካዮች ምክር ቤት ወደ ሠራተኛና የሥራ ቦታ ደረጃዎች ኮሚቴ፣ በሴኔት ወደ ሠራተኛና ንግድ ኮሚቴ ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ሥልጣኑ የሰብሳቢው ነው። በአንድ የጉባኤ ዘመን ከሺህ በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ የስብሰባው ሰዓት ግን ውስን ነው። አጀንዳ ያልገባ ረቂቅ ማንም «አይሆንም» ሳይለው ይሞታል።

ስለዚህ ረቂቁ ኮሚቴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ለሰብሳቢው አጭር ኢሜይል ይላኩ፤ ለረቂቁ አቅራቢና ለራስዎ ወኪሎች በግልባጭ። ርዕሱ ላይ የረቂቁን ቁጥርና «እባክዎ ሂሪንግ ይያዝለት» የሚለውን ይጻፉ። ውስጡ አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚኖሩ፣ ረቂቁ በሕይወትዎ ወይም በሥራዎ ምን እንደሚለውጥ፣ ምን እንደሚጠይቁ። ከአንድ ምንጭ ተቀድቶ በመቶ ሰው ስም የተላከ ተመሳሳይ ደብዳቤ እንደ አንድ ደብዳቤ ይታያል። አሥር ሰው በራሱ አነጋገር ቢጽፍ የበለጠ ይነበባል።

መጻፍ የሚከብደው ሰው 1-800-562-6000 ይደውል። ይህ የምክር ቤቱ ነጻ የስልክ መስመር ነው፤ መልእክቱን ተቀብለው ለወኪሎችዎ ያደርሳሉ። ሽማግሌ እናት አባት ያላችሁ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አስደውሏቸው።

3. ይመዝገቡ

ፐብሊክ ሂሪንግ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ስብሰባ በደንቡ መሠረት ከአምስት ቀን በፊት ይታወጃል። የካትኦፍ ቀን ሲቃረብ ይህ ደንብ በድምፅ እየታለፈ ማስታወቂያው ወደ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊያጥር ስለሚችል፣ በዚያ ሰሞን የኮሚቴውን አጀንዳ ጠዋትና ማታ ማየት ያስፈልጋል። ለኮሚቴው የኢሜይል ማሳወቂያ መመዝገብ ይህን ያቀልለታል።

ረቂቁ አጀንዳ ከገባ በኋላ በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የኮሚቴ መመዝገቢያ ገጽ ይከፈታል። ምክር ቤቱን፣ ኮሚቴውን፣ የስብሰባውን ቀንና ሰዓት፣ ከዚያም ረቂቁን ይመርጣሉ። አራት ምርጫ ይቀርብልዎታል፦

በአካል ተገኝቶ መናገር። በዙም ከቤት ሆኖ መናገር። በጽሑፍ መላክ። ሳይናገሩ አቋምን ብቻ ማስመዝገብ።

በአካልም ሆነ በዙም ለመናገር፣ እንዲሁም አቋም ብቻ ለማስመዝገብ፣ ስብሰባው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት መመዝገብ አለብዎ። ስብሰባው 8፡00 ጠዋት ከሆነ 7፡00 ላይ ገጹ ይዘጋል፤ ደቂቃ አይታለፍም፤ ደውሎ መለመንም አይሠራም። ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰዓት የሚነጋገሩ ሰዎች ስላሉ መልእክት ስታስተላልፉ «ከጠዋቱ» እና «ከሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። የጽሑፍ አስተያየት ግን ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይቀበላሉ።

አቋምዎን ሲጠይቅ ሦስት ሳጥን አለ፦ ፕሮ ለድጋፍ፣ ኮን ለተቃውሞ፣ አዘር ለሌላ። «ሐሳቡን እደግፋለሁ፣ ግን ክፍል 4 ይሻሻል» የሚል ሰው አዘርን መምረጥ ይችላል። እኛ የምንመክረው ግን ማሻሻያው ባይገባም ረቂቁ ቢያልፍ ይሻላል ብለው ካመኑ ፕሮ እንዲመርጡ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሲደመር አዘር የድጋፍ ወገን ሆኖ አይቆጠርም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ስምዎ፣ አቋምዎና የላኩት ጽሑፍ የሕዝብ መዝገብ ይሆናሉ፤ ማንም ሊያያቸው ይችላል። የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር፣ የልጅ ስምና የትምህርት ቤት ስም አይጻፉ። ከአከራይ ወይም ከአሠሪ ጋር ክርክር ላይ ያለ ሰው ከመናገሩ በፊት ጠበቃውን ያማክር።

4. በአንድ ደቂቃ መናገር

ሂሪንጉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሄዳል። የኮሚቴው ሠራተኛ ረቂቁን በአጭሩ ያስረዳል፤ አባላት ይጠይቁታል፤ አቅራቢው ይናገራል፤ ከዚያ የተመዘገቡ ሰዎች በሦስት በአራት እየሆኑ ይጠራሉ። ሰው ከበዛ ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። ሰዓቱ ስክሪን ላይ ይቆጥራል፤ ሲያልቅ ሰብሳቢው ያቋርጥዎታል። ሁለት ደቂቃ ተዘጋጅቶ አንድ ደቂቃ የተሰጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ዋናውን ነገር ሳይናገር ይቆማል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ንግግር ይዘጋጁ፤ በተረጋጋ አነባበብ ከ120 እስከ 130 የእንግሊዝኛ ቃል ማለት ነው። ጊዜ ከተጨመረ የሚጨምሩትን ለብቻ በሁለተኛ አንቀጽ ይያዙ።

አቀማመጡ እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦

«ክብርት ሰብሳቢና የኮሚቴው አባላት፣ ስሜ እገሌ ነው፣ የምኖረው ቱክዊላ ነው። ረቂቁን እደግፋለሁ። በሳምንት 45 ሰዓት እነዳለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 15 ሰዓት የሚሆነው ተሳፋሪ እየጠበቅሁ የሚያልፍ ያልተከፈለ ጊዜ ነው። ክፍል 3 ይህን ይመለከታል፤ ነገር ግን ሲያትል ተጀምሮ ሌላ ከተማ የሚያልቅ ጉዞ በየትኛው ተመን እንደሚከፈል ግልጽ አያደርግም። ጉዞው የተጀመረበት ቦታ ተመን እንዲሠራ ብታደርጉ ችግሩ ይፈታል። ረቂቁን እንድታሳልፉት እጠይቃለሁ። ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።»

ይህ ለማሳያ የተጻፈ ቢሆንም ውስጡ ያለው ሥርዓት የሚሠራ ነው። አቋሙ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ተነገረ፣ ሊቆጠር የሚችል ነገር መጣ፣ የክፍል ቁጥር ተጠቀሰ፣ አንድ የተወሰነ ለውጥ ተጠየቀ። የኮሚቴ አባላት በቀን ብዙ ረቂቅ ይሰማሉ፤ «ሕዝባችን ተቸግሯል» የሚለው ንግግር እውነት ቢሆንም የሚጽፉት ነገር አይሰጣቸውም። «ክፍል 3 ላይ ይህ ይጨመር» የሚለው ግን በቀጥታ ለሠራተኛው ተላልፎ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል። ረጅም የምስጋና መግቢያ በእኛ ባህል ጨዋነት ነው፤ እዚህ ግን ደቂቃዎን ይበላዋል፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ይግቡበት።

ከአንድ ማኅበር ብዙ ሰው ከሄደ ነጥቦቹን ይከፋፈሉ። አንዱ ክፍያውን፣ ሌላው ኢንሹራንሱን፣ ሦስተኛው ከሥራ መታገድን ይናገር። አምስት ሰው አንድ ነገር ከደጋገመ ሰብሳቢው ቀሪዎቹን «እስማማለሁ ብለው ይለፉ» ሊል ይችላል።

በዙም የሚናገር ሰው በተመዘገበበት ስም ይግባ፤ ስሙ ስክሪኑ ላይ «የአበበ አይፎን» ከሆነ ሠራተኛው ሲጠሩ አያገኘውም። ከመኪና ውስጥ እየነዱ መናገር አይገባም፤ ያቁሙ። ቴሌቪዥኑ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስብሰባውን ከፍተው ከሆነ ድምፁን ያጥፉ፣ ያስተጋባል። ተራዎ ሳይደርስ ሰዓቱ ካለቀ አይናደዱ፤ ይህ የተለመደ ነው። ያዘጋጁትን በ24 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ያስገቡ።

እንግሊዝኛ የማይመቸው ሰው ሂሪንጉ እንደታወጀ ወዲያው የኮሚቴውን ሠራተኞች ስለ አስተርጓሚ ይጠይቅ። የአንድ ደቂቃ ንግግር ሲተረጎም እጥፍ ጊዜ ስለሚወስድ ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጥ አብሮ ይጠይቁ። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ደግሞ በጽሑፍ ያስገቡ፤ በአማርኛ የተናገሩት መዝገብ ውስጥ በትክክል መግባቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

ስብሰባዎቹን ቲቪደብሊው የተባለው የስቴቱ የሕዝብ ጉዳዮች ቴሌቪዥን በቀጥታ ያስተላልፋል፤ በኋላም ድረ ገጹ ላይ ይገኛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገር ሰው የዚያኑ ኮሚቴ አንድ ያለፈ ሂሪንግ ግማሽ ሰዓት ቢያይ ሰብሳቢው እንዴት ጊዜ እንደሚይዝ፣ የትኛው አባል ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

5. ኤክሰኪዩቲቭ ሴሽን፦ ድምፅ የሚሰጥበት ስብሰባ

ሰው በብዛት የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ሂሪንጉ በጥሩ ሁኔታ አልፎ፣ ሁሉም ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ ረቂቁ እዚያው ሊቀር ይችላል። ኮሚቴው ድምፅ የሚሰጠው ኤክሰኪዩቲቭ ሴሽን በሚባል ሌላ ስብሰባ ነው፤ ከሂሪንጉ በኋላ ሌላ ቀን ይያዛል፣ ገደቡ ሲደርስ ደግሞ በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል። ለሕዝብ ክፍት ነው፤ መናገር ግን አይቻልም። የሚያዘው አሁንም በሰብሳቢው ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ከሂሪንጉ ማግሥት ሁለተኛውን ጥያቄ ይላኩ፦ «እባክዎ ረቂቁን ለድምፅ ያቅርቡት»። ሰብሳቢው ድምፅ ከመቁጠሩ በፊት አጀንዳ ውስጥ አያስገባም፤ የብዙኃኑ ፓርቲ አባላት ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው ተነጋግረው ይገባሉ። በዕለቱ ጠዋት የሚላክ ኢሜይል ብዙም ዋጋ የለውም። ያልወሰኑ አባላት እነማን እንደሆኑ ከአቅራቢው ቢሮ ጠይቀው፣ በእነሱ የምርጫ ክልል የሚኖር ሰው ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት እንዲደውል ያድርጉ። ከክልላቸው የመጣ አንድ ስልክ ከሌላ ቦታ ከመጣ ሃያ ይበልጣል።

ስብሰባው ላይ ማሻሻያዎች ይቀርባሉ። ለውጡ ሰፊ ከሆነ ሰብሳቢው ሙሉውን ጽሑፍ የሚተካ አዲስ ረቂቅ ያቀርባል። የሚቀርበው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከስብሰባው በፊት በኮሚቴው የሰነዶች ገጽ ላይ ይወጣል፤ እርስዎ የጠየቁት መግባቱን ወይም የማይፈልጉት መጨመሩን የሚያዩት እዚያ ነው። ሕገ መንግሥቱ ሁለት አጥር አስቀምጧል። አንድ ሕግ ከአንድ ጉዳይ በላይ ሊይዝ አይችልም፣ ጉዳዩም በርዕሱ ላይ መገለጥ አለበት። ማሻሻያ ደግሞ የረቂቁን ወሰንና ዓላማ ሊለውጥ አይችልም። ስለ ሾፌሮች ክፍያ በቀረበ ረቂቅ ላይ የፓርኪንግ ቅጣት ጉዳይ እንዲጨመር መጠየቅ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሌላ ረቂቅ ይፈልጉለት።

ውጤቱ ከአራት በአንዱ መልክ ይመዘገባል፦ እንዲጸድቅ፣ እንደተሻሻለ ወይም እንደተተካ እንዲጸድቅ፣ ያለ አስተያየት፣ እንዳይጸድቅ። በተወካዮች ምክር ቤት አባላት በስም እየተጠሩ ድምፅ ይሰጣሉ። በሴኔት ኮሚቴ ውስጥ ግን ድምፁ በቃል ተሰጥቶ ሰብሳቢው «ፊርማው እስኪሟላ» ብሎ ያሳልፈዋል፤ ትክክለኛው ቆጠራ ከዚያ በኋላ አባላቱ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርሙት ፊርማ ነው። የአብላጫው አባላት ፊርማ ካልተሟላ ረቂቁ አልወጣም። የሴኔት ስብሰባ አይተው «አለፈ» ብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከመለጠፍ በፊት የረቂቁ ገጽ ላይ መመዝገቡን ያረጋግጡ።

6. የበጀት ኮሚቴ

ረቂቁ ለስቴቱ ወጪ ወይም ገቢ የሚነካ ከሆነ ሁለተኛ ኮሚቴ ይጠብቀዋል። በሴኔት ዌይስ ኤንድ ሚንስ፣ በተወካዮች ምክር ቤት በአብዛኛው አፕሮፕሪኤሽንስ ይባላሉ፤ የትራንስፖርት ኮሚቴዎችም እንዲሁ የራሳቸውን በጀት ያያሉ። በ2025 ከመጀመሪያው ገደብ እስከ በጀት ኮሚቴው ገደብ የነበረው ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሂሪንግም ድምፅም መኖር አለበት።

እዚህ እንደገና መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ኮሚቴ ምዝገባ አይቆጠርም። ንግግሩም ይለወጣል። የበጀት ኮሚቴ መስማት የሚፈልገው ገንዘቡን ነው። ፊስካል ኖት የሚባለውን የወጪ ግምት ከረቂቁ ገጽ ላይ ያውርዱና ከፍተኛው ወጪ ከየት እንደመጣ ይመልከቱ። አንዳንዴ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሠራተኛ እቀጥራለሁ ብሎ የገመተው ወጪ የሥራ ላይ መዋያ ቀኑን በማራዘም ወይም አንድ ሪፖርት በማስቀረት ሊቀንስ ይችላል። ያንን ለአቅራቢው ቢጠቁሙ ረቂቁን ሊያድኑት ይችላሉ።

እዚህ የሚወድቀው ብዙ ነው። በ2024 የኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ኤችቢ 2114 በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቆ ሴኔት ከደረሰ በኋላ ዌይስ ኤንድ ሚንስ ውስጥ ድምፅ ሳይሰጥበት ገደቡ አለፈበት። በ2025 ሐሳቡ በኤችቢ 1217 ተመልሶ መጣ። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጽሑፉ ስላልተስማሙ ከሁለቱም የተውጣጣ አስታራቂ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 27 ጸድቆ፣ አገረ ገዥ ቦብ ፈርገሰን ሜይ 7 ፈረሙበት። የዓመት ጭማሪው 7 በመቶ ሲደመር የዋጋ ንረት፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ዝቅተኛው እንዲሆን ወሰነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኮሚቴ ውስጥ የቀረ ረቂቅ በሚቀጥለው ሕግ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

7. ሩልስ ኮሚቴና ከዚያ በኋላ

ሁሉም ረቂቅ ወደ ሙሉ ጉባኤ የሚገባው በሩልስ ኮሚቴ በኩል ነው። ይህ ኮሚቴ ሂሪንግ አያደርግም፤ የትኛው ረቂቅ ጉባኤ ይግባ የሚለውን ይመርጣል። በተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤዋ፣ በሴኔት ምክትል አገረ ገዥው ይመሩታል። አባላቱ በየተራ የሚፈልጉትን ረቂቅ እየሳቡ ወደፊት ያሳልፋሉ። ረቂቁ እዚህ ከተቀመጠ የሩልስ አባላትን ስም ከድረ ገጹ አውጥተው፣ ከመካከላቸው የእርስዎን ክልል የሚወክል ወይም ጉዳዩ የሚመለከተው ካለ «ይህን ረቂቅ ይሳቡልን» ብለው ይጠይቁት። ጥያቄው ያን ያህል አጭር ነው።

ሙሉ ጉባኤው ላይ መጀመሪያ ማሻሻያ፣ ከዚያ የመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። በተወካዮች ምክር ቤት 50፣ በሴኔት 25 ድምፅ ያስፈልጋል፤ የሚቆጠረው ከጠቅላላው አባላት እንጂ ከተገኙት አይደለም። ካለፈ በሌላው ምክር ቤት ከደረጃ 2 ጀምሮ ሁሉም ይደገማል። ሁለተኛው ምክር ቤት ከለወጠው የመጀመሪያው መስማማት አለበት። ከዚያ ወደ አገረ ገዥው ይሄዳል። ጉባኤው ሊዘጋ ከአምስት ቀን በላይ ሲቀረው ከደረሳቸው እሑድን ሳይጨምር 5 ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ከደረሳቸው ጉባኤው ከተዘጋ በኋላ 20 ቀን አላቸው፤ ሙሉውን ወይም የተወሰኑ ክፍሎችን ውድቅ ማድረግ ይችላሉ። ሕጉ ጉባኤው ከተዘጋ ከ90 ቀን በኋላ ይጸናል፤ የአስቸኳይነት አንቀጽ ካለው ግን ወዲያው ይጀምራል።

ለዕድሮች፣ ለማኅበራትና ለቤተ ክርስቲያናት

501ሲ3 የሆነ፣ ማለትም ከፌዴራል ግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት በረቂቅ ሕግ ላይ መናገር አይችልም የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ሎቢው፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን የማግባባት ሥራው፣ የድርጅቱ ሥራ ዋና ክፍል እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል። ቤተ ክርስቲያን ያልሆነ ድርጅት 501ኤች የተባለውን ምርጫ ሞልቶ ካስገባ ገደቡ በቁጥር ይታወቃል፤ ከዓመታዊ ወጪው የመጀመሪያ 500,000 ዶላር ላይ እስከ 20 በመቶ። ፈጽሞ የተከለከለው ለምርጫ ዕጩ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ መስጠት ነው። ሎቢ በማድረግ ክፍያ የማይቀበል ግለሰብ በስቴቱ ዘንድ በሎቢስትነት መመዝገብ አያስፈልገውም።

ረቂቁ ከቀረ

በረጅሙ ጉባኤ የቀረ ረቂቅ በሚቀጥለው ዓመት አጭር ጉባኤ ሊቀጥል ይችላል፤ አዲስ ቁጥር አያስፈልገውም። በአጭሩ ጉባኤ የቀረ ግን ያበቃል፤ አቅራቢ ተገኝቶለት እንደ አዲስ መጻፍ አለበት። አባላት ለሚቀጥለው ጉባኤ የሚያቀርቡትን የሚመርጡት በመጸው ወራት ባለው ጸጥ ያለ ጊዜ ነው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ቀጠሮ መያዝ ቀላል ነው፣ ጉባኤ ሲከፈት ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ማግኘትም ያስቸግራል። ረቂቆች ከጉባኤው በፊት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሰኞ መቅረብ ይጀምራሉ። ለ2027 ጉባኤ ይህ ዲሴምበር 7 ቀን 2026 ይውላል፤ ጉባኤው ራሱ ጃንዋሪ 11 ይከፈታል። ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ ያለፈውን ረቂቅ ቁጥር፣ የቀረበትን ኮሚቴ ስም፣ በኮሚቴው ያሉ የተቃወሙ አባላትን ዝርዝርና እንዲሻሻል የሚፈልጉትን ክፍል በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ።